አስታማሚን ማን ይጠይቃል?



በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት አንድ ጥናት ልጀምር። በፈቃደኝነት በመጡ 26 ሴቶች ክንድ ላይ በሕክምና መሣሪያ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቁስል ካወጡ በኋላ፣ ቁስሏ እስክትድን ድረስ ተከታተሉ። ከሴቶቹ 13ቱ የመርሳት በሽታ የያዘውን ዘመዳቸውን የሚያስታምሙ ነበሩ። የቀሩት 13ቱ በዕድሜና በቤተሰብ ገቢ ከእነሱ ጋር የሚቀራረቡ፣ ግን የሚያስታምሙት ሰው የሌላቸው ናቸው። የኋለኞቹ ቁስል በአማካይ በ39 ቀን ገደማ ዳነ። የአስታማሚዎቹ ግን 49 ቀን ያህል ወሰደ። ቁስሉ አንድ፣ መሣሪያው አንድ፣ ዕድሜው ተቀራራቢ፤ ልዩነቱ ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ነው። ጥናቱን የመሩት ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘር ደማቸውንም መርምረው ነበር። የአስታማሚዎቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ለቁስል መጠገን ከሚያስፈልጉት መልእክተኛ ንጥረ ነገሮች አንዱን፣ ኢንተርሉኪን የሚባለውን፣ ለማምረት የሚሰጡት ምላሽ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የጀመርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ «እነ እገሌ ቤት በሽተኛ አለ» ስንል የምንቆጥረው አንድ ሰው ነው። አልጋ ላይ ያለውን እንጠይቃለን፤ ለእሱ እንጸልያለን፤ ስሙን ለካህኑ ወይም ለሼኩ እንሰጣለን። ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥታ የምታገላብጠው፣ ልብሱን የምታጥበው፣ መድኃኒቱን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የምትዞረው ልጅ ወይም ሚስት ግን ከቆጠራው ውጭ ናት። ባለፉት 50 ዓመታት በቤተሰብና በማስታመም ላይ የተደረገው ምርምር ትልቁ ሥራው ይህችን ሴት ማየት መጀመሩ ይመስለኛል። ዛሬ ማታ የማካፍላችሁ ምርምሩ ስለ እሷ ምን እንዳገኘ ነው፤ ግኝቱ እኛን በቀጥታ ይመለከተናልና።

መጀመሪያ የሚያስደነግጠውን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1999 ሪቻርድ ሹልዝና ስኮት ቢች የተባሉ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ66 እስከ 96 የሆኑ፣ ከትዳር ጓደኛቸው ጋር የሚኖሩ ሰዎችን ለአራት ዓመት ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። 392ቱ አስታማሚዎች፣ 427ቱ ደግሞ አስታማሚ ያልሆኑ ነበሩ። እያስታመሙ ጫናው የበረታባቸው ሰዎች የመሞት ዕድል ከማያስታምሙት በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዜናው በየጋዜጣው «ማስታመም ይገድላል» በሚል መልክ ተሰራጨ። በእኔ እምነት የተሳሳተ ንባብ ነው። ያው ጥናት እያስታመሙ ጫና የማይሰማቸው ሰዎች ላይ እንዲህ ዓይነት አደጋ አላገኘም። በ2013 ደግሞ ዴቪድ ሮትና ባልደረቦቻቸው 3,503 አስታማሚዎችን በዕድሜ፣ በጤና፣ በኑሮ ሁኔታና በሌሎችም ነገሮች ከሚመስሏቸው እኩል ቁጥር ካላቸው ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ለስድስት ዓመት ያህል ከተከታተሏቸው በኋላ የአስታማሚዎቹ የሞት መጠን በ18 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር።

ታዲያ የትኛውን እንመን? እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። በሁለተኛው ጥናት ካሉት አስታማሚዎች ብዙዎቹ የሚረዱት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው። አልጋ ያልያዘ፣ ለራሱ ደኅና የሆነ ሰው ለማስታመም ቀድሞ ይመረጣል የሚለውም ሊረሳ አይገባም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የሚቀር ቁም ነገር አለ። እናቱን የጦረ፣ ባሏን ያስታመመች ሰው ስለ ሕይወቱ ትርጉም ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ያንኑ ዘመን ነው። የወላጅ ምርቃት የሚያበረታ ነገር ነው። ሰውን የሚጎዳው ማስታመሙ ራሱ ከሆነ እነዚህ 3,503 ሰዎች አይገቡንም። ሰውን የሚጎዳው ጫናው ከሆነ ደግሞ ጫናው ከየት ይመጣል ብለን መጠየቅ ግድ ይለናል።

አብዛኞቻችን መልሱ ግልጽ ይመስለናል። ሕመሙ በከፋ ቁጥር አስታማሚዋም ትጎዳለች፤ ሕመሙ ቀለል ካለ እሷም ይቀልላታል። እንዲህ ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ስቲቨን ዛሪትና ሁለት ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ሊለኩ ተነሡ። የመርሳት በሽታ ያለባቸውን 29 አረጋውያንና 29 አስታማሚዎቻቸውን አነጋገሩ። በሽተኛው ምን ያህል እንደሚረሳ፣ ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ ራሱን ችሎ ምን እንደሚሠራ መዘገቡ። ከዚያ አስታማሚዎቹን ስለ ሸክማቸው ጠየቁ። የሕመሙ ክብደትና የአስታማሚው ሸክም አብረው የሚሄዱ ሆነው አልተገኙም። ከሸክሙ ጋር ተያይዞ የተገኘው ሌላ ነገር ነበር፤ ሌሎች የቤተሰብ አባላት በሽተኛውን ለመጠየቅ የሚመጡበት ብዛት። ጠያቂ የሚበዛበት ቤት ውስጥ ያለች አስታማሚ ሸክሟ ቀለል ይላታል። ጠያቂ የጠፋበት ቤት ውስጥ ያለችው ሕመሙ መካከለኛ ቢሆንም እንኳ ትደቅቃለች።

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ 29 ቤተሰብ ብዙ አይባልም። አንዱ ነገር ሌላውን አመጣ ለማለትም አያስችልም፤ ምናልባት አስታማሚዋ ስትበረታ ዘመድ የሚቀርባት ይሆናል። ያም ሆኖ ከዚያ ሥራ የተወለደው መጠይቅ ዛሬ በዓለም ላይ የአስታማሚን ሸክም ለመለካት በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ነው፤ የዛሪት መጠይቅ ይባላል። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ቅጂ 22 ጥያቄዎች አሉት። ኢትዮጵያ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን፣ በካንሰርና በሌሎች ሕመምተኞች አስታማሚዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ውሏል። ለራስሽ ጊዜ አጥተሻል ወይ፣ ጤናሽ ተጓድሏል ወይ፣ ከሰው ጋር ያለሽ ግንኙነት ተበላሽቷል ወይ እያለ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚነካኝ ግን ከዚህ የበለጠ ማድረግ ነበረብኝ ብለሽ ታስቢያለሽ ወይ የሚለው ዓይነት ጥያቄ ነው። ሁሉን ነገር ትታ የምታስታምም ሴት ለዚህ «ሁልጊዜ» ብላ ስትመልስ ማየት ከባድ ነው።

አስታማሚ ዙሪያ ያለው ሰው በእርግጥ ለውጥ ያመጣል ወይ የሚለውን በሙከራ ያሳዩት የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ሜሪ ሚተልማን ናቸው። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀመረ። በአልዛይመር የታመመ ባል ወይም ሚስት ያላቸውን 406 አስታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን የተለመደውን አገልግሎት ያገኛል። ሁለተኛው ወገን ስድስት ጊዜ ከአማካሪ ጋር ይቀመጣል፤ ከስድስቱ ሁለቱ አስታማሚው ብቻውን፣ አራቱ ደግሞ ልጆቹ፣ እኅት ወንድሞቹ፣ አማቾቹ ባሉበት ነው። ከዚያ በኋላ ከመሰሎቹ ጋር የሚገናኝበት ማኅበር ይገባል፤ ሲጨንቀው ለአማካሪው ይደውላል። አዲስ መድኃኒት የለም፤ በሽተኛውን የሚያድን ነገር የለም። በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት ሁለተኛው ወገን ታማሚውን እቤት አቆይቶ የሚያስታምምበት ጊዜ ወደ አረጋውያን ማቆያ ከመግባቱ በፊት በ557 ቀን ረዘመ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይበልጣል። ዛሪት በ29 ቤት ፍንጭ ያዩለት ነገር እዚህ በዕጣ በተደለደለ ትልቅ ሙከራ ቆመ። ቤተሰብ ተሰብስቦ ማን ምን ያድርግ ብሎ ሲነጋገር አስታማሚው ይቆማል፤ ታማሚውም እቤቱ ይከርማል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህማ የኛ ነው» ሊል ይችላል። እውነት አለው። ጥየቃን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ሆስፒታል በር ላይ በጠያቂ ሰዓት የሚሰለፈውን ሕዝብ ያየ ይመሰክራል። ብርቱካኑን፣ ሾርባውን፣ አጥሚቱን ይዞ የሚመጣው ጎረቤት፣ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ግንባር የሚስመው ሽማግሌ፣ በየተራ አልጋው ሥር የሚያድረው ዘመድ ሁሉ ምርምሩ የሚፈልገው ነገር ነው። ግን ጥየቃችን ለማን ነው? ለስንት ቀንስ ይዘልቃል?

የመጀመሪያው ነገር፣ ጠያቂ የሚመጣው ታማሚውን ሊያይ ነው። አስታማሚዋ በዚያን ሰዓት እንግዳ ተቀባይ ትሆናለች። ቡና ታፈላለች፤ ዶክተሩ ምን እንዳለ ለአሥረኛ ጊዜ ትናገራለች፤ «ለምን እዚያኛው ሐኪም ጋ አትወስጃትም?»፣ «ጠበል ሞከራችሁ?» ለሚሉት ሁሉ መልስ ትሰጣለች። ጠያቂው ሲሄድ ሲኒው እጥበት ይጠብቃታል። ምርምሩ ጠያቂ ሸክም ያቀልላል ሲል እንዲህ ያለውን ጠያቂ እንደማይመለከት እገምታለሁ። ተቀምጦ በሽተኛውን እየጠበቀ አስታማሚዋን ሁለት ሰዓት የሚያስተኛት ጠያቂ ሌላ ነው።

ሁለተኛውና የሚብሰኝ የጊዜው ጉዳይ ነው። ባህላችን ለአጭር ሕመም ጥየቃ አለው፤ ለሞት ደግሞ ለቅሶና እድር አለው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ሰፈሩ ሥራውን ትቶ ይመጣል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። በመሀል ያለው ረጅም ዘመን፣ ስትሮክ መትቶት የተኛው አባት ስድስተኛ ዓመቱ፣ ስም መጥራት የተሳናት እናት አራተኛ ዓመቷ፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ኩላሊት እጥበት የሚመላለሰው ወንድም፣ እነዚህ ምንም የጋራ ሥርዐት የላቸውም። በመጀመሪያው ወር ቤቱ ይሞላል፤ በስድስተኛው ወር በስልክ ይጠየቃል፤ በሁለተኛው ዓመት ይረሳል። ዛሪት በቁጥር ያዩት መድቀቅ የሚመጣው ደግሞ እዚሁ ላይ ነው።

ይህን የመሀል ዘመን ሐዘን እንድናየው ያደረጉት ምሁር ፖሊን ቦስ ናቸው። እኚህ የቤተሰብ ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጠኑ። ሚስቶቹ ባል አላቸው አይባል፣ መበለት አይባሉ። በኋላ ቦስ ያንኑ ሐሳብ ወደ አልዛይመር አመጡት። አካሉ እቤት አለ፤ የምታውቂው ሰው ግን የለም። ልጅ እናቷን በየቀኑ እያጠበች፣ እያበላች፣ ያቺን የምታውቃትን እናት ታጣታለች። ይህ ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው፤ ግን አይለቀስለትም፤ የሚያስተዛዝን አይመጣም። ልጅቱ ራሷም «እናቴ ሳትሞት እንዴት አዝናለሁ?» ብላ ታፍራለች። ዘመዱ ከጦር ሜዳ ይመለስ አይመለስ ሳያውቅ የሚኖር ሰው በአገራችን ብዙ ነውና፣ የቦስን ሐሳብ ለመረዳት ከእኛ የበለጠ የቀረበ አለ ብዬ አላምንም።

ወደ አገራችን ጥናቶች ልምጣ። ከሁሉ የበለጸገው የቡታጅራው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በቡታጅራና አካባቢው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን መርምረው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ፤ ለዓመታትም ተከታተሉ። ከዚህ ሥራ ውስጥ ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው ያተኮሩት በቤተሰቦቹ ላይ ነበር። በ2001 ባሳተሙት ጥናት ካነጋገሯቸው 178 ዘመዶች 75 በመቶው በታማሚው ምክንያት መገለል ደርሶብናል ወይም ይሰማናል አሉ። 37 በመቶው ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ ይሻሉ። በ2003 በወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን የ301 ሰዎች ዘመዶች ስለ ሸክማቸው ጠየቁ። ከሁሉ በላይ የተነሣው ችግር ገንዘብ ነበር፤ 74.4 በመቶው አንሥተውታል። የሥራውና የገንዘቡ ሸክም ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ዘመዶች ላይ በረታ።

እነዚህን ቁጥሮች ከዛሪት ግኝት አጠገብ አስቀምጡልኝ። ጠያቂ ሸክምን ያቀልላል፤ መገለል ጠያቂን ያስቀራል። ካንሰር የያዘው ሰው ቤት ጠያቂ ይመጣል። «አብዷል» የተባለው ልጅ ቤት ግን ማንም አይመጣም፤ እናቱም ማንም እንዲመጣ አትፈልግም፤ በሩን ትዘጋለች። ስለዚህ ሥርዐታችን ጠንካራ በሆነበት አገር ውስጥ እንኳ እጅግ የከበደው ሸክም ሥርዐቱ በማይደርስበት ቤት ይወድቃል። በገጠር ልጁን በሰንሰለት ያሰረ አባት ታሪክ ስንሰማ በጭካኔ ለመፍረድ እንቸኩላለን። ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ቀርበው ሲያነጋግሩ ያገኙት ብዙ ጊዜ ሌላ አማራጭ የሌለው፣ እርሻው የሚጠብቀው፣ ልጁ ጠፍቶ ወይም ሰው ጎድቶ እንዳይመጣ የሚፈራ፣ እንባው ያልደረቀ ወላጅ ነው።

ይህን ለመቀየር የተደረገ አንድ ሙከራ ተስፋ ይሰጣል። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ ሎራ አሸር፣ ሻርሎት ሀንሎንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው በ48 አካባቢዎች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 166 ሰዎች ይዘው ሠሩ። ሁሉም በጤና ጣቢያ ሕክምና ያገኛሉ። በዕጣ በተመረጡት ግማሾቹ አካባቢዎች ግን ለዚህ የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ለአንድ ዓመት ቤት ለቤት እየሄዱ ይጠይቋቸዋል፤ ለቤተሰቡ ስለ ሕመሙ ያስረዳሉ፤ ታማሚው ወደ ሥራና ወደ ሰው እንዲመለስ ያግዛሉ፤ የእድርና የሃይማኖት መሪዎችንም ያነጋግራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤት ቤት ለቤት የተጠየቁት ታማሚዎች የዕለት ኑሯቸውን ለማከናወን ያለባቸው ችግር ከሌሎቹ ይልቅ ቀነሰ። ጠያቂ በማይመጣበት በር ላይ ጠያቂ ተላከ፤ ለውጥም መጣ። ይህ ለእኔ ከኒው ዮርኩ ሙከራ ያልተናነሰ ቁም ነገር አለው።

አሁን ስለ ሴቶች ልናገር። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ያለ ክፍያ በሚሠራ እንክብካቤ ላይ እንደሚውል፣ ከዚህም 76.2 በመቶውን ሴቶች እንደሚሠሩት አስልቷል። የእኛን ቤት ለማወቅ ሪፖርት አያሻም። ወንድሞቹ ስለ ሕክምናው ወጪ ይማከራሉ፤ ያላገባችው እኅት ወይም ትንሿ ልጅ ሥራዋን ትለቃለች። «አንቺ እኮ እቤት ነሽ» ትባላለች። እቤት የሆነችው ግን ለማስታመም ስትል ነው።

በውጭ አገር ያለው ዘመዳችን ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን እኅቶቻችን በአረጋውያን ማቆያዎችና በሰው ቤት ሽማግሌና ባልቴት በማስታመም ይተዳደራሉ። በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በኩዌት፣ በዱባይም የሰውን ልጅ የሚያሳድጉና የሰውን አባት የሚያገላብጡ አሉ። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ተመራማሪ አርሊ ሆክሽልድ እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን የእንክብካቤ ሰንሰለት ብለው ገለጹት። በሀብታሙ አገር ያለው ቤት ያጣውን እጅ ከድኻው አገር ያመጣል፤ ያቺ ሴት የተወችው ቤት በሌላ ሴት ይሞላል። እኛ ዘንድ ሰንሰለቱ አንድ እርምጃ ይቀጥላል። ባሕር ማዶ ያለችው ልጅ ገንዘብ ልካ ለእናቷ ሠራተኛ ትቀጥራለች፤ ሠራተኛዋ ከገጠር የመጣች የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ የዚህችኛዋን አያት ማን ያስታምማል? ወደ ዐረብ አገር የሄደችው ደግሞ በካፋላ ሥርዐት ፈቃዷ ከአሠሪዋ እጅ ነውና እናቷ ስትታመም ተነሥታ መምጣት አይቻላትም። የሰውን እናት እያጠበች የእናቷን መርዶ በስልክ የሰማች እኅት ታሪክ በየሰፈሩ አለ።

የሚላከው ዶላር ነፍስ ያድናል፤ ይህን አልክድም። የቡታጅራው ጥናት ቀዳሚ ሆኖ ያገኘው ችግር ገንዘብ እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ። ችግሩ ገንዘብ የላከው ሰው መወሰን ሲጀምር ነው። የትኛው ሆስፒታል ትግባ፣ ሠራተኛዋ ትባረር ወይስ ትቆይ፣ ቤቱ ይሸጥ ወይስ ይከራይ የሚለው ከሩቅ ይወሰናል፤ ሌሊቱን የምታውቀው እኅት ግን ታዛዥ ትሆናለች። እናቷን በማስታመሟ ሳይሆን በማስታመሙ ጉዳይ ድምፅ በማጣቷ የምትቆስል እኅት ብዙ ናት።

ገንዘብና እጅ እኩል አለመሆናቸውን መንግሥታትም ተከራክረውበታል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1995 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ስታቋቁም ቤተሰቡ ከፈለገ በአገልግሎት ፈንታ ጥሬ ገንዘብ እንዲወስድ ፈቀደች። ጃፓን በ2000 የራሷን ስትጀምር ግን የሴቶች ማኅበራት ተቃወሙ። ገንዘብ ከተሰጠ ምራቷ ከአልጋው ሥር አትነሣም፤ ቤት ድረስ የሚመጣ ሠራተኛና የቀን ማቆያ ይሰጠን አሉ። ጃፓንም በአገልግሎቱ ጸናች። እኔ ወደ ጃፓን ሴቶች አደላለሁ።

የእኛ ሕግ የት ነው ያለው? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በወላጆችና በልጆች፣ በእኅትና በወንድም መካከልም ቀለብ የመስጠት ግዴታ አስቀምጧል። ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምና ይጨምራል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን የሚያውቀው ወጪን ነው፤ ሌሊትን አያውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የቅርብ ዘመድ ሲሞት ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ከባድና ልዩ ነገር ለገጠመው ሠራተኛ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ይፈቅዳል። ዘመዱን ለሚያስታምም ሠራተኛ በስሙ የተለየ፣ ደመወዝ ያለው ፈቃድ ግን የለውም። እዚህም እንደ ባህላችን ነው፤ ለሞቱ ሦስት ቀን አለ፤ ከሞቱ በፊት ላለው ዘመን ምንም የለም። ይህን የሚቀይር አንቀጽ ቢጨመር አሠሪውን እጅግ አይከብደውም፤ ጥሩ ሠራተኛ ሥራዋን ከምትለቅ ይሻለዋልና።

እድሮቻችንም ቢያስቡበት መንገዱ አዲስ አይሆንባቸውም። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታባቸው ዓመታት በአዲስ አበባ አንዳንድ እድሮች ከመቅበር አልፈው፣ ከረድኤት ድርጅቶች ጋር ሆነው፣ የታመሙ አባሎቻቸውን ቤት ለቤት ያስታምሙ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ይደግፉ ነበር። ከቀብር የተረፈውን ገንዘብና ሰው ወደ ሕያዋን ማዞር እንደሚቻል ያን ጊዜ ታይቷል። ዛሬ ደግሞ በየሰፈሩ ስትሮክ፣ የስኳር ሕመም፣ የመርሳት በሽታ እየበዛ ነው። እድር ለሐዘንተኛ በተራ ሰው እንደሚያሳድር፣ ለረጅም ጊዜ አስታማሚ በሳምንት አንድ ቀን ለግማሽ ቀን የሚተካ ሰው በተራ ቢመድብ፣ አባሉ የሚያዋጣው ተራው ሲደርስ ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

የቤተሰብ ጉባኤውንም እንደ ኒው ዮርኩ በአማካሪ ፊት ማድረግ አይጠበቅብንም። ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ርስት ሲከፈል የሚዳኝ ሽማግሌ አለን፤ ማስታመም ሲከፈልም ይቀመጥልን። በዚያ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የምትናገረው አስታማሚዋ ትሁን፤ ከአንድ ማታ እስከ ሌላው ማታ ያለውን ሥራ በሰዓት በሰዓት ትንገራቸው። አማቾች ይኑሩ። ውጭ ያለው ወንድም በቪዲዮ ይግባ፤ ሌላው ሰው ገንዘብ ስንት እንላክ ከማለቱ በፊት እሱ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ይስማ። ከዚያ እያንዳንዱ ስሙ ያለበት አንድ ሥራ ይያዝ፦ የሐሙስ ሌሊት፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የፋርማሲው ሩጫ፣ የዳይፐርና የሳሙና ግዢ። የሩቁ ወንድም የዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ ሲመጣ አንዴ በእንግድነት ሳይሆን በአስታማሚነት ይምጣ፤ እኅቱ ሦስት ሳምንት ከቤት ትውጣ። ለዚያ ግን መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ እናቱ በየትኛው ጎኗ ስትተኛ እንደሚቀላት፣ ሌሊት ስትደነግጥ ምን ቢሏት እንደምትረጋጋ አስቀድሞ መማር አለበት፤ ይህን ደግሞ የምታስተምረው እኅቱ ብቻ ናትና፣ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ለእሷ ይደውል።